እንቁጣጣሽን በብሩሽ ማስጻፍ፦ ከወረቀት እስከ አፍተር ኢፌክትስ

ነሐሴ 6፣ የሥራው ልክ

«እንቁጣጣሽ» የሚለው ቃል በብሩሽ ሲጻፍ የሚያሳይ የ6 ሰከንድ አኒሜሽን። 1920 በ1080 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሌላ ቪዲዮ ላይ እንዲደረብ ጀርባው ባዶ አልፋ፣ ማለትም ግልጽ። ከሱ ጋር ለስልክ የሚሆን 1080 በ1920፣ እንዲሁም አንድ የቴሌግራም ስቲከር። ማስረከቢያ ጳጉሜ 3።

መሣሪያ፦ ኢለስትሬተር (የቬክተር ሥዕል ፕሮግራም)፣ አፍተር ኢፌክትስ (የአኒሜሽን ፕሮግራም)፣ የሥዕል ታብሌት፣ 12 ቁጥር ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ጥቁር ቀለም፣ ኤ4 ስካነር።

ስድስት ሆሄ ነው፤ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ፊደላችን ተያይዞ አይጻፍም። አንድ ረጅም መስመር ጎትቶ መገላገል የለም፤ በእያንዳንዱ ሆሄ ውስጥ ብሩሹ ይነሳል፣ ይመለሳል፣ ቀድሞ የተጻፈውን ያቋርጣል። ሌላው ውፍረት ነው። ቋሚው ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ካልሆነ ብሩሽ መሆኑ ይቀርና በማርከር የተሞነጫጨረ ይመስላል።

ነሐሴ 7፣ የመጀመሪያው ሙከራ፣ አልሠራም

በኢለስትሬተር ካሊግራፊክ ብሩሽ ጀመርን። አንግል 40 ዲግሪ፣ ራውንድነስ 15 በመቶ፣ ሳይዝ 26። በታብሌት ተጻፈ፤ ስክሪን ላይ ሲያዩት ጥሩ ነው። ወደ አፍተር ኢፌክትስ አስገብተን ክሬት ሼፕስ ፍሮም ቬክተር ሌየር (ሥዕሉን የአፍተር ኢፌክትስ ቅርጽ፣ ሼፕ፣ የሚያደርገው ትእዛዝ) ስንለው ግን ብሩሹ እንደ ብሩሽ አልተሻገረም። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ያለው ስትሮክ፣ የመስመሩ ቀለም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ነው። በ2020 የተጨመረው ቴፐር ጫፎቹን ያሾልላል እንጂ የብሩሹን አንግል አያውቅም፤ ቋሚ ላይ ወፍሮ አግድም ላይ መቅጠንን አይችልም።

ቀጥለን ኢለስትሬተር ውስጥ ኤክስፓንድ አፒራንስ አድርገን አመጣነው። አሁን ውፍረቱ አለ፤ ጭረቱ ግን መስመር መሆኑ ቀርቶ ዙሪያው የተከበበ፣ ውስጡ የተሞላ ቅርጽ ሆኗል። ትሪም ፓዝስ፣ መስመርን ከመነሻው ጀምሮ በመቶኛ እየገለጠ የሚሄደው፣ ሲጨመርበት በጭረቱ መሐል አይሄድም፤ በጠርዙ ነው የሚዞረው። ኢንድን (መድረሻውን) 50 በመቶ ላይ ስናቆመው ሙሌቱ ሁለቱን ክፍት ጫፎች በቀጥታ መስመር አገናኘና የእ እግር በሰያፍ የተቀደደ ወረቀት መሰለ።

ከዚህ በኋላ የሥራ ቋንቋችን ይህ ነው፦ የተሞላው ቅርጽ ቆዳ፣ በመሐሉ የሚያልፈው መስመር አጥንት። ቆዳው ውፍረቱንና የቀለሙን ሸካራነት ይይዛል፤ መንገዱን አያውቅም። አጥንቱ መንገዱንና አቅጣጫውን ያውቃል፤ ውፍረት የለውም። ሁለቱ ተለያይተው መዘጋጀት አለባቸው። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ አጥንቱ ወፍራም ስትሮክ ተሰጥቶት ማት (የሌላው ሌየር የትኛው ክፍል እንደሚታይ የሚወስን ሌየር) ይሆናል፣ ቆዳውን እየገለጠ ይሄዳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይመዝገብ፦ ኤክስፓንድ አፒራንስ ሲደረግ ኢለስትሬተር የመጀመሪያውን መስመር ሙሌትም ስትሮክም የሌለው አድርጎ ግሩፑ ውስጥ ይተወዋል። በአውትላይን እይታ፣ ኮንትሮል እና ዋይ ተጭኖ፣ ይታያል። ያ አጥንቱ ነው። ፓዝ ክሊን አፕ የሚለውን የለመደ እጅ ሳያስበው ይደመስሰዋል።

ነሐሴ 9፣ ቀለምና ወረቀት

በታብሌት የተጻፈው ንጹሕ ነው፤ ከልክ በላይ ንጹሕ። ስለዚህ በእውነተኛ ቀለም ተጻፈ። 14 ሉክ ወረቀት አለቀ፤ 3ቱ ለስካን ተመረጡ። ለስላሳ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለሙን ስለሚያሰፋው ጠርዙ ጸጉር ያወጣል፤ ወፈር ያለው የሥዕል ወረቀት ይሻላል። ቀለሙ ከመቅጠኑ የተነሳ በጭረቱ መሐል ግራጫ ከሆነ ስካን ላይ ይበሳሳል፤ ሁለት ጠብታ ውሃ እንኳን ለውጥ አለው።

ስካን፦ 600 ዲፒአይ፣ ግሬይስኬል። ኢሜጅ ትሬስ (ስካኑን ወደ ቬክተር ቅርጽ መቀየሪያ)፦ ብላክ ኤንድ ኋይት፣ ትሬሽሆልድ (ጥቁር የሚባለው የሚጀምርበት ልክ) 128 ላይ የደረቀው የብሩሽ ጫፍ ጠፋ፤ 165 ላይ ተመለሰ፤ 190 ላይ የወረቀቱ ነቁጥ ሁሉ ገባ። 165 ላይ ቆመ። ኖይዝ 25 ፒክስል፣ ኢግኖር ኋይት ምልክት ተደርጎበት። ኢግኖር ኋይት ካልተመረጠ ከጥቁሩ በታች ነጭ ቅርጽ ይፈጠራል፤ የአልፋ ጀርባ ላይ ሲደረብ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ነሐሴ 11፣ ሙሉ ቃሉን መቁረጥ፤ ይህም ስህተት ነበር

ትሬስ የተደረገውን ሙሉ ቃል በናይፍ ወደ ጭረቶች መቆራረጥ ጀመርን። ለ«እ» እና ለ«ን» ሠራ። ቁ ላይ ተሰበረ።

ቁን ቀርበን እንየው። ክብ አለ፤ ክቡን ከላይ ወደ ታች የሚሰነጥቅ ቋሚ አለ፤ ከቋሚው ጎን የምትወጣ ትንሽ ቅጥያ አለች። ስካኑ ላይ ሦስቱም አንድ ጥቁር ነገር ናቸው። ክቡ ሲጻፍ ማቱ በመገናኛው ላይ ሲያልፍ ገና ያልተጻፈውን ቋሚ ቁራጭ አብሮ ይገልጠዋል፤ በክቡ አናትና ግርጌ ላይ ከየትም የመጣ ጉብታ ይታያል፤ ከአምስት ፍሬም በኋላ ቋሚው መጥቶ ይሞላዋል። ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ናይፍ ይህን አይፈታም። መገናኛው ላይ ያለው ቀለም የሁለቱም ጭረት ነው፤ ለአንዱ ሲሰጥ ሌላው ይጎድላል። ደግሞም የተቆረጡት ጠርዞች ልክ ጎን ለጎን ሲገጠሙ በመሐላቸው የጸጉር ያህል ቀጭን መስመር ያሳያሉ፤ የሁለቱም ጠርዝ በአንቲአሊያሲንግ (ጠርዝ ማለስለሻ) ግማሽ ግልጽ ስለሆነ ጀርባው ያሾልካል።

መፍትሔው ወደ ወረቀቱ መመለስ ነበር። የተመረጠውን ጽሑፍ ከስር አድርገን፣ ከላይ ትሬሲንግ ፔፐር ዘርግተን፣ ከስር መብራት አብርተን እያንዳንዱን ጭረት ለብቻው ጻፍነው። በአንድ ወረቀት ላይ የማይነካኩ ጭረቶች ብቻ። በየወረቀቱ አራት ጥግ ላይ የመስቀል ምልክት ተደረገ፤ ስካኑ ላይ መልሶ ለመግጠም። ያለ ምልክቱ መግጠሙ በግምት ነው፤ ግምቱም ሁልጊዜ ሁለት ፒክስል ይስታል።

አቆጣጠር፦ እ 3፣ ን 2፣ ቁ 3፣ ጣ 4፣ ሁለተኛው ጣ 4፣ ሽ 4። ድምር 20። ሁለቱ ጣዎች ለየብቻ ተጻፉ። አንዱን ኮፒ ማድረግ አንድ ሰዓት ያተርፍ ነበር፤ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ጣዎች ቃሉን ፎንት ያስመስሉታል። በተለይ የሚረዝመው ቀኝ እግር ጫፉ ላይ የተወው የደረቀ ብሩሽ ምልክት ሁለት ጊዜ ቃል በቃል ሲደገም ያስቃል።

የጠፋ ጊዜ፦ አንድ ቀን ተኩል። ሌላ 11 ሉክ ወረቀት።

ነሐሴ 13፣ የቁ ክብ

ክቡ ብቻውን ሌላ ችግር አመጣ። አንድ ዙር ጭረት ከሆነ መነሻውና መድረሻው አንድ ቦታ ነው። ማቱ ገና ሲነሳ የመድረሻውን ጅራትም ይገልጠዋል። በተጨማሪ ቀለበቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ኢለስትሬተር ውስጥ ኮምፓውንድ ፓዝ (ቀዳዳ ያለው ቅርጽ) ይሆናል፤ ሼፕ ሌየር ሲደረግ ቅርጾችን ከሚያዋህደው መርጅ ፓዝስ ጋር ይመጣል።

ጠፍጣፋ ብርዕ የያዘ ጸሐፊ ግን ክብን በአንድ ዙር አይዘጋም። ግራውን ግማሽ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ብርዑን አንስቶ ቀኙን ግማሽ ከላይ ወደ ታች ይስባል፤ ጠፍጣፋ ጫፍ ወደ ላይ ሲገፋ ይንጫጫልና። እኛም እንደዚያው አደረግነው፤ ክቡ ሁለት ግማሽ ሆነ፤ ቁ 4 ጭረት፣ ድምሩ 21። ሁለቱ ግማሾች አናትና ግርጌ ላይ ይደራረባሉ፤ ቀዳዳ ያለው ቅርጽ የለም።

ነሐሴ 15፣ ቆዳን ማጽዳት

ትሬስ የወጣው ሁሉ ነጥብ በነጥብ ነው። የእ ዋናው ቋሚ ብቻ 212 አንከር ፖይንት ነበረው። 21ዱ ሲደመሩ 1900 ገደማ። ነጥብ የሚቀንሰው ሲምፕሊፋይ እያንዳንዱን ወደ 30 እና 40 አወረደው፤ ነገር ግን የደረቀውን ጫፍ አለሰለሰና የብሩሹ ጸጉር የተወው ቅርንጫፍ ድንች መሰለ። እንግዲህ ሲምፕሊፋይ በሙሉ ጭረቱ ላይ አይደረግም። ዳይሬክት ሴሌክሽን ይዞ ለስላሳውን የጎን ጠርዝ ብቻ መርጦ ማቅለል፣ ጫፉን እንዳለ መተው። ይህ በእጅ ነው፤ 4 ሰዓት ወሰደ።

ከዋናው ቅርጽ የተነጠሉ ጥቃቅን ነቁጦች ሁለት ዓይነት ናቸው። ጫፍ አካባቢ ያሉት የብሩሽ ምልክት ስለሆኑ ይቆዩ፤ ከዚያ ውጭ ያሉት የስካነር አቧራ ናቸው፤ ይጥፉ።

ፋይሉ አርጂቢ፣ አርትቦርዱ አንድ፣ ልኩ 1920 በ1080፣ አሃዱ ፒክስል። እያንዳንዱ ጭረት በራሱ ዋና ሌየር ላይ። ሪሊዝ ቱ ሌየርስ ሴኩዌንስ ሥራውን ያፋጥናል፤ ግን የሚፈጥራቸው በአንድ ሌየር ሥር የታጨቁ ንዑስ ሌየሮችን ነው፤ አፍተር ኢፌክትስ የሚያየው ዋናዎቹን ብቻ ስለሆነ ሁሉንም መርጦ ወደ ውጭ ጎትቶ ማውጣት ግድ ነው። ይህን ረስተን መጀመሪያ ስናስገባው 21 ሌየር ሲጠበቅ 1 መጣ።

ስም አሰጣጥ፦ 01 እ ቆዳ፣ 02 እ ቆዳ እያለ በአጻጻፍ ቅደም ተከተል። ቁጥሩ ከፊት ይሁን፤ በሆሄ ከጀመረ ሁለቱ ጣዎች ይቀላቀላሉ።

ነሐሴ 17፣ አጥንት ማውጣት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ለአጥንቶቹ ለብቻ ሁለተኛ ፋይል ተከፈተ፤ አርትቦርዱ ከቆዳው ፋይል ጋር በልክ አንድ። የቆዳው ቅጂ ከስር ተቆልፎ ፔን ቱል ተያዘ። ሙሌት የለም፣ ስትሮክ 1 ፒክስል።

የተማርነውን እንጻፈው።

ነጥብ ማነስ አለበት። ለቀጥታ ቋሚ 2፣ ለክቡ ግማሽ 3፣ ለጣ ቅስት 3 ይበቃል። ነጥብ በበዛ ቁጥር ማቱ ጠርዙ ላይ ይንቀጠቀጣል።

አቅጣጫው ብሩሹ የሄደበት ነው። ትሪም ፓዝስ ከመጀመሪያው ነጥብ ስለሚነሳ ከታች ወደ ላይ የተሳለ አጥንት እግሩን ከመሬት ያበቅለዋል። ከ21ዱ 5ቱ ተገልብጠው ተገኙ። ኢለስትሬተር ውስጥ ሪቨርስ ፓዝ ዳይሬክሽን አለ፤ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥም በሼፑ ፓዝ አጠገብ ቀስት ያላት ትንሽ ቁልፍ አለች። የትም ይሁን፣ ኪፍሬም (ለውጡ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት የጊዜ ምልክት) ከመደረጉ በፊት ይታረም።

መነሻው ከቆዳው ውጭ ይሁን። ይህ ግማሽ ቀን በላን። ማቱ 80 ፒክስል ውፍረትና ራውንድ ካፕ (ክብ ጫፍ) ነበረው። ኢንድ ከዜሮ ትንሽ ከፍ እንዳለ 80 ፒክስል ስፋት ያለው ክብ በአንድ ጊዜ ብቅ ይላል፤ በዚያው ፍሬም የጭረቱ አናት ሙሉ ሆኖ ዱብ ይላል። የሚጻፍ ሳይሆን የሚታተም መሰለ። አጥንቱ በመነሻው በኩል የማቱን ውፍረት ግማሽ ያህል፣ እዚህ 45 ፒክስል፣ ወደ ኋላ ሲረዝም ክቡ ባዶ ቦታ ላይ ተወልዶ ወደ ቆዳው ይገባል። መድረሻው ላይ የካፑ ግማሽ ክብ ቀድሞ ስለሚሄድ 10 ፒክስል ትርፍ በቃ።

ማቱ ከቆዳው ይስፋ፣ ግን በልክ። በጣም ወፍራሙ ቋሚ 62 ፒክስል ነው፤ ማቱ 80። 120 ብናደርገው የሚጎዳ ነገር የለም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጭረት የራሱ ማት ስላለው ጎረቤቱን አይነካም፤ ግን የካፑ ክብ በሰፋ ቁጥር የጽሑፉ ግንባር ከቆዳው ጠርዝ ቀድሞ መሐሉ ላይ ይደርሳል፣ ጥይት ይመስላል። ጆይኑ (የመታጠፊያው ቅርጽ) ራውንድ ይሁን፤ ማይተር (ሹል) ከሆነ በሹል መታጠፊያ ላይ እሾህ ያወጣል።

ለሽ አናት አግድም አጥንቱ ቆዳው መሐል ሳይሆን ወደ ላይኛው ጠርዝ ጠጋ ብሎ ተሳለ። አግድሟ ከግራ ቀጭን፣ ከቀኝ ወፍራም ናት፤ መሐሉን ስንከተል የቀኙ ግርጌ ሳይገለጥ ቀረ። አጥንት የግድ መሐል ለመሐል መሄድ የለበትም፤ ማቱ ሁሉንም መሸፈኑ ነው ቁም ነገሩ።

ነሐሴ 19፣ ማስገባት

ሁለቱም ፋይሎች ክሬት ፒዲኤፍ ኮምፓቲብል ፋይል ተመርጦ ሴቭ ይደረጉ። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ከጠፋ አፍተር ኢፌክትስ ጽሑፉን ሳይሆን «ያለ ፒዲኤፍ ይዘት የተቀመጠ ፋይል ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ገጽ ያሳያል።

ኢምፖርት ሲደረግ ኮምፖዚሽን፣ እንጂ ሪቴይን ሌየር ሳይዝስ አይደለም። ሁለተኛው እያንዳንዱን ሌየር በቅርጹ ልክ ይቆርጠዋል፤ ለሌላ ሥራ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ቆዳና አጥንት ሁለቱም ሙሉ ገጽ ሆነው ቢደራረቡ መግጠሚያ አያስፈልግም።

አጥንቶቹ ብቻ ወደ ሼፕ ተቀየሩ። አዲሱ ሌየር በስሙ መጨረሻ አውትላይንስ የሚል ተጨምሮበት ከላይ ይመጣል፤ ዋናው ዓይኑ ይጠፋል፤ ዋናው ተሰርዟል። ቆዳዎቹ እንደ ኢለስትሬተር ሌየር ቀሩ። ሁሉንም ሼፕ ማድረግ ሞክረን ነበር፤ ብዙ ነጥብ ያለው ፋይል ሲቀየር ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር ይፈዛል፤ የተሰቀለ መስሎን ሁለት ጊዜ ዘጋነው። ግራዲየንትና ኦፓሲቲም በቅየራው አይተርፉም። ቆዳዎቹ ላይ ኮንቲኒዩስሊ ራስተራይዝ፣ ያቺ ፀሐይ የምትመስለው ምልክት፣ በርታለች፤ ለስልኩ ቅጂ ሲጎላ ጠርዙ እንዳይደበዝዝ።

እያንዳንዱ ቆዳ ትራክ ማቱን አልፋ አድርጎ የራሱን አጥንት ይመርጣል። ከ2023ቱ ቅጂ ወዲህ ማቱ የትም ቦታ ቢቀመጥ ከዝርዝር ይመረጣል። በድሮው ቅጂ ማቱ ከቆዳው ልክ ከላይ መቀመጥ አለበት፤ አንድ ሌየር ከቦታው ሲንቀሳቀስ ተከታዩ ሁሉ ይሳሳታል። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው የድሮው ስለሆነ 42ቱም ሌየሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደረደሩ፤ በሁለቱም እንዲሠራ።

ጭረቶቹ ስለሚደራረቡ ኦፓሲቲ በጭረት ላይ አይነካም፤ 85 በመቶ ስናደርገው በየመገናኛው ጠቆር ያለ ቁራጭ ወጣ። ሁሉም ፕሪኮምፕ (ብዙ ሌየር እንደ አንድ የሚይዝ ኮምፖዚሽን) ከገባ በኋላ በፕሪኮምፑ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ነሐሴ 22፣ ፍጥነት

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ጭረት 8 ፍሬም እኩል ተሰጠ። የቁ ትንሽ ቅጥያ እየተንፏቀቀች፣ የጣ ረጅም እግር እየተወረወረ። ትሪም ፓዝስ በመቶኛ ስለሚሄድ 90 ፒክስሉም 400 ፒክስሉም በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ስለዚህ ርዝመት ተለካ። ኢለስትሬተር ውስጥ ዶክዩመንት ኢንፎ፣ ኦብጀክትስ የሚለው ተመርጦ፣ የአጥንቱን ርዝመት ይናገራል። ድምሩ 5400 ፒክስል። በፍሬም 45 ፒክስል ብንል 120 ፍሬም። በሆሄ ውስጥ ብሩሹ 15 ጊዜ ይነሳል፣ በ2 ፍሬም 30፤ በሆሄና በሆሄ መካከል 5 ጊዜ፣ በ4 ፍሬም 20። ጠቅላላ 170፤ ያለን 150 ነው። በፍሬም 75 ሲሆን 72 እና 50፣ 122። ከ3 ፍሬም በታች የወረዱ 5 አጫጭር ጭረቶች ወደ 3 ከፍ ሲሉ 6 ጨመሩ፤ 128። 22 ፍሬም ለንባብ ቀረ።

ኢዚ ኢዝ በሁሉም ላይ ሲደረግ ጽሑፉ ይንተባተባል፤ እያንዳንዱ ጭረት ቀስ ብሎ ተነስቶ ቀስ ብሎ ይቆማል። ብሩሽ ግን ሲያርፍ ነው የሚዘገየው፣ ሲነሳ ይፈጥናል። መነሻ ኪፍሬሙ ላይ የውጪ ኢንፍሉዌንስ (የመዘግየቱ ልክ) 60፣ መድረሻው ላይ የመግቢያ 15 በመቶ። 3 ፍሬም ብቻ ያላቸው ሊኒየር (እኩል ፍጥነት) ቢሆኑ ልዩነቱ አይታይም።

ነሐሴ 25፣ የግንባሩ ክብ

በዝግታ ሲታይ የሚሄደው ጠርዝ ፍጹም ክብ ነው፤ ኮምፓስ የሠራው። ማት ሌየሮቹ ላይ ጠርዝ የሚያሻክረው ራፈን ኤጅስ ተጨመረ፤ ቦርደር 6፣ ስኬል 40። ቦርደር 15 ላይ የማቱ ጎን ወደ ውስጥ ገብቶ ቆዳውን ጎን ለጎን በላው፤ ማቱን ከማስፋት ቦርደሩን መቀነስ ይሻላል።

ኢቮሉሽኑ (የሻካራውን ቅርጽ የሚለዋውጠው ቁጥር) በየፍሬሙ ሲቀየር ጠርዙ ይፈላል። በሰከንድ የሚታየውን ፍሬም የሚቀንሰውን ፖስተራይዝ ታይም ኢፌክት ሌየሩ ላይ ስንጭን ትሪሙንም አብሮ አዘገየው፣ ጽሑፉ ተቆራረጠ። በኢፌክቱ ፈንታ በኢቮሉሽኑ ላይ ብቻ የፖስተራይዝ ታይም ኤክስፕሬሽን (አጭር ኮድ) ተጻፈ። ልኩ 12 ሳይሆን 12.5፤ በ25 ፍሬም ላይ ልክ ሁለት ሁለት ፍሬም ይይዛል፤ 12 ከሆነ አንዳንዱ ሦስት ፍሬም ይቆይና ይነክሳል። በ21ዱም ላይ ሲሆን ሬንደሩ በጣም ስለከበደ በ9ኙ ረጃጅም ጭረቶች ላይ ብቻ ቀረ። የአጫጭሮቹን ማንም አያየውም።

ነሐሴ 27፣ አደይ አበባ

ከሽ በስተቀኝ አንድ አደይ አበባ፣ 8 ቅጠል። እዚህ ቆዳ አያስፈልግም። ቅጠሉ ከመሐል ወጥቶ የሚሰፋና ጫፉ የሚሾል ቀጥታ ጭረት ስለሆነ ስትሮክ 34 ፒክስል፣ ቴፐር ስታርት ሌንግዝ 70፣ ኢንድ ሌንግዝ 30 በመቶ ይበቃዋል። ትሪም ፓዝስ ሲረዝም ቴፐሩ ከተቆረጠው ርዝመት ጋር ይስማማል፤ ቅጠሉ ገና ከመብቀሉ ቅጠል ይመስላል። 40 ደቂቃ። ከሁሉም ርካሹ ሥራ።

ጳጉሜ 1፣ ሬንደር

ፕሮሬስ 4444 (አልፋ የሚይዝ የቪዲዮ ዓይነት)፣ አርጂቢ እና አልፋ፣ ስትሬት (ቀለሙ ከጀርባው ጋር ያልተቀላቀለ)። የመጀመሪያው በፕሪመልቲፕላይድ (ከጥቁር ጀርባ ጋር ተቀላቅሎ) ወጥቶ ተቀባዩ እንደ ስትሬት ስላነበበው ቢጫው ጽሑፍ ዙሪያውን ጥቁር ጭስ ያዘ። ፋይሉ ስም ላይ ስትሬት ብሎ መጻፍ ክርክር ያስቀራል።

ለስልክ የሚሄደው ኤች 264። ቀይ ጽሑፍ በጥቁር ጀርባ ላይ ተሞክሮ ነበር፤ የቀለሙ መረጃ በ4:2:0 ስለሚቀነስ የደረቀው የብሩሽ ጫፍ ደረጃ ደረጃ ሠራ። ቢጫ በጥቁር አረንጓዴ ላይ ይሻላል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል፤ አለበለዚያ እንደገና ያጨምቀዋል።

ጳጉሜ 2፣ ስቲከር

የቴሌግራም ሕግ ጠባብ ነው፦ 512 በ512፣ ቢበዛ 3 ሰከንድ፣ ፋይሉ ከ64 ኪሎባይት የማይበልጥ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው የሚገጥም። ማስክ፣ የሌየር ኢፌክት፣ ኤክስፕሬሽን፣ መርጅ ፓዝስ፣ አውቶ ቤዚየር (እንቅስቃሴውን በራሱ የሚያለሰልስ) ኪፍሬም፣ ሁሉም ክልክል። ትራክ ማት ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ግን 21 ጥንድ ማት ስልክ ላይ ለማጫወት አልደፈርንም።

በተቃራኒው ሄድን፤ አጥንቱ ቀርቶ ቆዳው ብቻ። ቆዳው ሼፕ ተደርጎ በፓዙ ላይ ኪፍሬም፦ መድረሻው ሙሉ ቅርጽ፣ መነሻው ያው ቅርጽ ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ጭረቱ አናት ተሰብስበው። የነጥቡ ቁጥር በሁለቱም አንድ ስለሆነ አይገለባበጥም። ነጥብ ከተጨመረ ወይም ከተሰረዘ ቅርጹ በመሐል ይጠማዘዛል።

የመጀመሪያው ውጤት 91 ኪሎባይት። ምክንያቱ የነጥቦቹ ብዛት፤ ለያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኪፍሬም። እዚህ የደረቀ ጫፍ በ512 ፒክስል አይታይም፤ ስለዚህ ሲምፕሊፋይ ያለ ርኅራኄ። በጭረት 16 ነጥብ፣ ድምሩ 336፤ ኪፍሬሙ ሁለት። 17 ኪሎባይት። የቁ ክብ ቀድሞ ሁለት ግማሽ በመሆኑ መርጅ ፓዝስ የሚባል ነገር አልመጣም፤ በቀለበትነቱ ቢቀር ኖሮ ዛሬ እንደገና ይሳል ነበር።

በሰከንድ 60 ፍሬም፣ በጠቅላላው 180። ጭረቶቹ ተራ ቢጠብቁ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ቀዳሚው 60 በመቶ ሲደርስ ይነሳል። ጽሑፉ 130ኛው ላይ ያልቃል፣ እስከ 165 ይቆማል፣ በ15 ፍሬም ይጠፋል። አንድሮይድ ስልክ ላይ የሁለተኛው ጣ መሐለኛ እግር ለአንድ ፍሬም ብልጭ ይላል፤ ኪፍሬሙ አውቶ ቤዚየር ሆኖ ቀርቶ ነው። ወደ ሊኒየር ተቀይሮ እንደገና ወጣ፤ 17 ኪሎባይት፣ ብልጭታው ጠፍቷል።